ምዕራፍ 7፦ ጥሩምባ ነፊውና ጎረቤቱ

ምዕራፍ 3 ላይ ስለ ናሙና ስናወራ የ«ሊተረሪ ዳይጀስት» መጽሔትን ውርደት አንሥተን ነበር። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ1936 ከ10 ሚሊዮን በላይ መጠይቅ በትኖ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ፣ ሪፐብሊካኑ አልፍ ላንደን ያሸንፋል አለ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። ያኔ የያዝነው ጉዳይ መጠይቁ እነማን እጅ ገባ የሚለው ስለነበር አንድ ነገር ለዚህ ምዕራፍ አቆይቼ አለፍኩ። በዚያ ዓመት ከአሜሪካ ጋዜጦች አብዛኞቹ በርዕሰ አንቀጻቸው ከላንደን ጎን ቆመው ነበር። ሕዝቡ ጠዋት ጠዋት ሩዝቬልት ሲወገዝ እያነበበ፣ የምርጫው ቀን ሲደርስ ሄዶ ሩዝቬልትን መረጠ።

በርግጥ ሩዝቬልት ራዲዮ ነበረው። ከ1933 ጀምሮ በራዲዮ እያወራ ጋዜጦቹን አልፎ ቤት ድረስ ይገባ ነበር። ቢሆንም ምርጫን የሚወስነው ሚዲያ ነው ወይስ የሰፈር ሥራ የሚለው ጥያቄ አይጠፋም። ምርጫ በደረሰ ቁጥር ቡና ላይ የሚነሣ ክርክር አለ፤ አንዱ «ቴሌቪዥኑን የያዘ ምርጫውን ያዘ» ይላል፣ ሌላው «ሕዝብ ሞኝ አይደለም፣ ሰፈር ለሰፈር የሠራ ያሸንፋል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ማስረጃ አያጡም። ሁለቱም ግን ሚዲያንና የቤት ለቤት ቅስቀሳን አንድ ሥራ የሚሻሙ ተፎካካሪዎች አድርገው ያያሉ። ተመራማሪዎች ሰማንያ ዓመት ያህል ሲለኩ ቆይተው የደረሱበት ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱ የየራሳቸው ሥራ አላቸው።

## ጥሩምባው ያልዞረበት ሰፈር

የእድር ጥሩምባ ነፊን አስቡት። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በየመንደሩ እየዞረ ይነፋል፤ ቀጥሎ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ይለፍፋል። ውሸት አይናገርም፤ ያልሞተ ሰው ሞተ ቢል በዚያው ቀን ይባረራል። ሳይዋሽ ግን ብዙ ማድረግ ይችላል። የላይኛውን ሰፈር ሦስቴ ዞሮ የታችኛውን ሊዘለው ይችላል። የአንዱን ሟች ስም ከነማዕረጉ ጮክ ብሎ ጠርቶ፣ የሌላውን አጉመጥምጦ ሊያልፍ ይችላል። ለአንዱ ሰው ከቤት ሳይወጣ፣ ለሌላው ሁሉም ሥራ ከገባ በኋላ ሊነፋ ይችላል። ቀብሩ ላይ ሰው ሲሳሳ «ማነው የዋሸው?» ብሎ የጠየቀ መልስ አያገኝም፤ የዋሸ የለማ!

የሚዲያ አድልዎም በአብዛኛው እንዲህ ነው። አድልዎ ሲባል ብዙዎቻችን የሐሰት ዜና ፍለጋ እንገባለን። የሐሰት ዜና መኖሩ አይካድም። አድልዎን በሙያ የሚከታተሉ ሰዎች ግን መጀመሪያ የሚያነሡት ሰዓት መቁጠሪያ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የምርጫ ታዛቢ ቡድን ሲሰማራ አብሮት የሚዲያ ክትትል ክፍል ይሄዳል። የክፍሉ ባልደረባ የምሽቱን ሥርጭት ቅጂ ከፍታ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ሰንጠረዥ ፊቷ ዘርግታ ትቀመጣለች። ዜናው ይጀምራል። እንበል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ድልድይ ሲመርቁ ታዩ፦ 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ። በራሳቸው አንደበት ተናገሩ ወይስ አንባቢው ነው የተናገረላቸው? ይመዘገባል። ቃናው የሚያሞግስ ነው፣ የሚነቅፍ ነው ወይስ ገለልተኛ? ይመዘገባል። ቀጥሎ አንድ የተቃዋሚ እጩ መግለጫ ሰጡ፦ 14 ሰከንድ፣ ምስል ያለ ድምፅ። ይሄም ይመዘገባል። ሳምንታት እንዲህ ያልፉና መጨረሻ ላይ የአየር ሰዓቱ ለማን ስንት በመቶ እንደተሰጠ ይደመራል።

እዚህ ላይ አስቸጋሪው ድልድዩ ነው። የድልድይ ምረቃ ዜና ነው ወይስ ቅስቀሳ? ገዢ ፓርቲ ሁሉ ምርጫ ሲቃረብ መቀስ አያጣም። ለምርጫ ክርክር የተመደበው ሰዓት እኩል ተከፋፍሎ ሳለ ዋናው ዜና ወደ አንድ ወገን ያጋደለባቸው አገሮች ብዙ ናቸው። «እኩል ሰዓት ሰጥተናል» የሚል መግለጫ ሲወጣ የትኛው ሰዓት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል የምለው ለዚህ ነው።

የሰዓት ድልድሉ ምን ያህል ዋጋ አለው? እ.ኤ.አ. በ1968 ማክስዌል ማኮምስና ዶናልድ ሾው የተባሉ ሁለት መምህራን በሰሜን ካሮላይና፣ ቻፕል ሂል ከተማ፣ ማንን እንደሚመርጡ ገና ያልወሰኑ 100 ሰዎችን አነጋገሩ። የጠየቋቸው «የአገሪቱ ዋና ዋና ጉዳዮች ምን ምን ናቸው?» ብለው ነው። በጎን ደግሞ ጋዜጣው፣ መጽሔቱና ቴሌቪዥኑ በዚያ ሰሞን ለየትኛው ጉዳይ ስንት ቦታ እንደሰጡ ቆጠሩ። ሁለቱ ዝርዝሮች ቁርጥ አንድ ሆኑ ማለት ይቻላል። ግኝቱ በ1972 ታትሞ «አጀንዳ ቀረጻ» የሚባለውን የጥናት መስክ ወለደ። ሚዲያው ሰዎቹን በጉዳዩ ላይ ምን አቋም እንደሚይዙ አላዘዛቸውም፤ ስለየትኛው ጉዳይ እንደሚያስቡ ግን ዝርዝሩን አውጥቶላቸዋል። ጠርጣራ አንባቢ «ሚዲያውስ ሕዝቡን ተከትሎ ቢሆን?» ሊል ይችላል፤ ደግ ጥርጣሬ ነው። በኋላ የመጡ ሙከራዎች ተመልካች የሚያየውን ዜና ራሳቸው እየቀያየሩ ፈትነውት፣ ዜናው ቀድሞ ሰዉ እንደሚከተል አሳይተዋል።

## ሐሳቡን የሚቀይር ስንት ነው?

አሁን ወደ ሰሚው እንምጣ። ከቪየና ወደ አሜሪካ የተሻገረው ፖል ላዛርስፌልድ እ.ኤ.አ. በ1940 ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ኦሃዮ ግዛት፣ ኢሪ አውራጃ ወረደ። ሩዝቬልትና ዌንደል ዊልኪ የሚፎካከሩበት ዓመት ነበር። ቡድኑ 600 ሰዎችን መርጦ፣ ያንኑ ሰው ከግንቦት እስከ ኅዳር እየተመላለሰ ጠየቀ። ራዲዮና ጋዜጣ የመራጩን ልብ ሲያዞሩ በዓይን ለማየት የተነሣ ጥናት ነው።

አላየም። ከአንዱ እጩ ወደ ሌላው ጨርሰው የዞሩት ከመቶ 8 ያህል ብቻ ሆኑ። ቅስቀሳው አብዛኛውን ሰው በነበረበት አጸናው፤ የሚያመነታውንም ድሮ ወደሚያጋድልበት ጎን ገፋው። ሰዎቹ ሰሞኑን ስለምርጫው ከማን ምን እንደሰሙ ሲጠየቁ ደግሞ ከራዲዮና ከጋዜጣ ይልቅ ሰው ይጠሩ ጀመር፤ ወንድማቸውን፣ የሥራ ባልደረባቸውን፣ የሚያስተናግዳቸውን ሰው። ላዛርስፌልድ ከዚህ ተነሥቶ ወሬ በሁለት እርከን ይሄዳል አለ። መጀመሪያ ከሚዲያው በየሰፈሩ ወዳሉ ጥቂት ተሰሚ ሰዎች ይደርሳል፤ ቀጥሎ ከእነሱ ወደ ሌላው።

ጥሩምባው ሲነፋ ግማሹ ሰፈር እንቅልፍ ላይ ነው። የነቃው ደግሞ የማን ስም እንደተጠራ በደንብ አልሰማም። ሰፈሩን የምታስወጣው በር አንኳክታ «እትዬ፣ አልሰሙም እንዴ? በሉ ነጠላዎን ይልበሱና አብረን እንሂድ» የምትለው ጎረቤት ናት። እትዬ ሟቹን ድሮም ያውቁታል፤ ሐዘኑም ሐዘናቸው ነው። ጎረቤታቸው ያመጣችላቸው ነገር ሰዓቱን፣ አብሮ መሄጃ ሰውንና ቢቀሩ ቀሩ እንደሚባሉ ማስታወሻ ነው።

ከኢሪ በኋላ አጥኚዎች ለረጅም ጊዜ «ሚዲያ እንግዲህ አቅም የለውም» ወደሚል ጽንፍ ሄዱ። ይሄም ልክ አልነበረም። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኢታን ካፕላን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በ2007 ያወጡት ጥናት ልኩን ያሳያል። ፎክስ ኒውስ የተባለው ወደ ሪፐብሊካኖች የሚያጋድል ጣቢያ በ1996 ሲከፈት ሁሉም ከተማ በአንድ ቀን አልደረሰውም፤ በየቦታው ያለው የኬብል ኩባንያ ሲስማማ ቀስ በቀስ ነው የገባው። እስከ 2000 ድረስ ገብቶ የነበረው ከከተሞቹ አንድ አምስተኛ ያህሉ ውስጥ ነው። አጥኚዎቹ ከ9,000 የሚበልጡ ከተሞችን ወስደው፣ በሌላው ነገር የሚመሳሰሉትን ጣቢያው የገባባቸውንና ያልገባባቸውን አነጻጸሩ። ጣቢያው በገባበት የሪፐብሊካኑ ድምፅ ከ0.4 እስከ 0.7 መቶኛ ነጥብ ከፍ ብሎ ተገኘ።

ከመቶ ድምፅ ግማሽ ድምፅ ምን ይሠራል? ብዙ ቦታ ምንም። በዚያው 2000 ፍሎሪዳ ላይ ግን ወደ 6 ሚሊዮን ከሚጠጋ ድምፅ ውስጥ ጆርጅ ቡሽና አል ጎርን የለያቸው 537 ድምፅ ነው። ያ ግዛት ፕሬዚዳንቱን ወሰነ።

ከዚህ ሳልወጣ፣ በተቃራኒው በኩል በጣም ስለሚወደድ አንድ ታሪክ ልናገር። በ1948 አብዛኞቹ ጋዜጦች ቶማስ ዲዊን ደግፈው ሳለ ሃሪ ትሩማን በባቡር አገሩን አቋርጦ፣ በየጣቢያው ከመጨረሻው ፉርጎ ሰገነት ላይ እየተናገረ አሸነፈ። «ቺካጎ ትሪቢዩን» ዲዊ ትሩማንን ድል አደረገ የሚል ትልቅ ርዕስ አውጥቶ ነበር፤ ያሸነፈው ትሩማን ያንን ጋዜጣ ከፍ አድርጎ ይዞ እየሳቀ የተነሣው ፎቶ እስካሁን ይታያል። ታሪኩ የሚተረከው ተራው ሕዝብ ጋዜጠኛን አሸነፈ ተብሎ ነው። ለእኔ ግን ታሪኩ ከልክ በላይ የጣፈጠ ይመስለኛል። ጋዜጣው የማተሚያ ቤት ሠራተኞቹ አድማ ላይ ስለነበሩ ቆጠራው ሳይገፋ ቀድሞ ማተም ነበረበት። የሕዝብ አስተያየት መዛኞቹም ውጤቱ ያለቀ መስሏቸው ሳምንታት ሲቀሩ መጠየቅ አቁመው ነበር። ባቡሩ ሠርቷል፤ ስንት እንደሠራ ግን ማንም አልለካም። በሰፊው መለካት የተጀመረው ከዚያ 50 ዓመት በኋላ ነው።

## የኒው ሄቨን በሮች

ለመለካት ያስቸገረው ቀላል ነገር ነው። ቀስቃሾች የሚሄዱት ይመርጣል ብለው ወደገመቱት ሰው ነው። ስለዚህ የተንኳኳለት ሰው በብዛት ቢመርጥ ማንኳኳቱ ይሁን ድሮም መራጭ ስለነበረ አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ1998 የዬል ዩኒቨርሲቲዎቹ አለን ገርበርና ዶናልድ ግሪን ምዕራፍ 4 ላይ በመድኃኒት ሙከራ ያየነውን ዘዴ ወደ ምርጫ አመጡት፤ እጣ አወጡ። በኒው ሄቨን ከተማ ከተመዘገቡ መራጮች 30,000 ያህሉን በእጣ ከፋፍለው፣ ለአንዳንዱ ሰው ልከው በር አስንኳኩ፣ ለአንዳንዱ ደብዳቤ ላኩ፣ ለአንዳንዱ ስልክ አስደወሉ፣ የቀረውን ተዉት። ማንን ምረጡ አላሉም፤ ውጡና ምረጡ ብቻ ነው ያሉት። ከምርጫው በኋላ የምርጫ ጽሕፈት ቤቱን መዝገብ አገላብጠው ማን እንደመረጠ አዩ።

ለዚሁ ሥራ በተቀጠረ ድርጅት የተደወለው ስልክ ምንም አልጨመረም። ደብዳቤው በአንድ ፖስታ ግማሽ መቶኛ ነጥብ ያህል ጨመረ። በሩ ላይ ሰው መጥቶ ፊት ለፊት ካነጋገራቸው መካከል የመረጡት ግን 9 መቶኛ ነጥብ ያህል በለጡ። አንኳኪዎቹ ቤት ያገኙት ከተመደቡላቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ሥራው አድካሚ ነው፤ ውሻ አለ፣ ደረጃ አለ፣ በመስኮት አይቶ የለሁም የሚል አለ።

ከዚያ ወዲህ ይህን መሰል ሙከራ በብዙ ቦታ ተደጋግሟል፤ ቁጥሩ ከኒው ሄቨኑ ብዙ ጊዜ ያንሳል፣ የሚዛኑ አቅጣጫ ግን አልተገለበጠም። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ደግሞ ይበልጥ የሚጎረብጥ ነው። በር ላይ የቆመው ሰው የመራጩን ሐሳብስ ይቀይራል? ጆሹዋ ካላና ዴቪድ ብሩክማን 49 የመስክ ሙከራዎችን አሰባስበው በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ጠቅላላ ምርጫ የቅስቀሳ ግንኙነት መራጩን ከአንዱ እጩ ወደ ሌላው የማዞር አቅሙ በአማካይ ዜሮ አካባቢ ነው አሉ። በዚህ ለማሸነፍ የሚለፋ በጎ ፈቃደኛ ሁሉ ቅር ሊለው ይችላል።

ቅር አይበለው። ያመነ ሰው ቤቱ ቢቀር ያላመነ ያህል ነው። ቤት ለቤት ቅስቀሳ የሚያዋጣው በዚህ ክፍተት ላይ ነው፤ የሚደግፍህ ሰፈር በሞላበት፣ የሚወጣው ግን ባነሰበት። ጥሩምባው ለዓመታት ስምህን ሳይጠራ ከርሞ ማንም የማያውቅህ ከሆነ ግን ጎረቤት ብታንኳኳም «የማን ቀብር ነው?» መባሏ አይቀርም።

## ግንቦት 7 ቀን 1997

ወደ አገራችን ስንመጣ እነዚህ ሁለት ሥራዎች በአንድ ላይ የታዩበት ሰሞን የ1997 ዓ.ም. ምርጫ ነው። ቴሌቪዥኑ የመንግሥት ነበር፤ ራዲዮውም በመንግሥትና በገዢው ፓርቲ ወገን እጅ። የግል ጋዜጦች በብዛት ይታተሙ ነበር፣ ሆኖም ከአዲስ አበባና ከትልልቅ ከተሞች ብዙም አይርቁም። በተለመደው ስሌት ጥሩምባው የተያዘ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ የመጣው ለተወሰኑ ወራት ጥሩምባው ሌላውንም ሰፈር እንዲዞር በመፈቀዱ ነው። ገዢው ፓርቲ ኢሕአዴግና ተቃዋሚዎች በቀጥታ ሥርጭት ተከራከሩ። የተቃዋሚ መሪዎች መልክ፣ ድምፅና የትምህርት ፖሊሲ ክርክር ሳሎን ገባ።

ሁለተኛው እርከን የጀመረው ክርክሩ ሲያልቅ ነው። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ጠጅ ቤት ማን ማንን እንደረታ ይተነተናል። ከተቃዋሚዎቹ ትልቁ የነበረው ቅንጅት የመረጠው የምርጫ ምልክት ሁለት ጣት ነበር፤ ከገዢው ፓርቲ ንብ ጋር አስተያዩት። ንብን ለመቀስቀሻ ማሳተም ያስፈልጋል፣ ሁለት ጣት ግን ሁሉም ሰው እጁ ላይ አለው። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ለሚያልፍ መኪና ሁሉ ያሳዩ ነበር። ማንበብ የማይችል መራጭ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የሚፈልገውን ለማግኘት ከዚህ የቀለለ ማስተማሪያ አይገኝም፤ ወጪውም ዜሮ ነው። ሚያዝያ 29 ኢሕአዴግ፣ ሚያዝያ 30 ተቃዋሚዎች መስቀል አደባባይን ሞሉት።

አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደሩባቸውን 23 መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን ወሰደ። በአገር አቀፍ ደረጃ ይፋ የሆነው የመጨረሻ ውጤት ከ547 መቀመጫ ለኢሕአዴግ 327፣ ለቅንጅት 109፣ ለሌላው የተቃዋሚዎች ጥምረት ለኅብረት 52 የሚል ነበር። በውጤቱ ላይ የተነሣው ውዝግብ የሰው ሕይወት አስከፍሏል፤ ቆጠራንና ውዝግብን ምዕራፍ 9 ላይ ለብቻው እናየዋለን። እዚህ የሚያስፈልገን ሌላ ነገር ነው። ክርክሩ ከተማ ላይ ሰፈሩን ያሟሟቀውን ያህል ቴሌቪዥን በሌለበት ገጠር አላሟሟቀም። እዚያ በየቀበሌው ሰው የነበረው በዋናነት ገዢው ፓርቲ ነው።

## ሲያንኳኳ መዝገብ የያዘ

ኢሕአዴግ ከ1997 የወሰደው ትምህርት፣ ይህን ምዕራፍ አንብቦ የወሰደው ይመስላል። በቀጣዮቹ ዓመታት የአባላቱ ቁጥር ከመቶ ሺህዎች ወደ ሚሊዮኖች አደገ። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ አንድ አባል አምስት ሰው ይዞ የሚያስወጣበት «አንድ ለአምስት» በየጎጡ ተዘረጋ። እንደ ቅስቀሳ ዘዴ ብቻ ካየነው ኒው ሄቨን ላይ የተፈተነው ነገር ነው፤ የሚያውቅህ ሰው፣ በርህ ላይ፣ በስምህ ጠርቶ። ግንቦት 15 ቀን 2002 ፓርቲውና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ያዙ።

ቁጥሩን ያየ ሰው «ቤት ለቤት ቅስቀሳ ይሠራል» ብሎ ቢያልፍ ግን ትልቁን ነገር ይስታል። የኒው ሄቨኑ አንኳኪ ከበሩ ሲመለስ በባለቤቱ ላይ የሚያደርገው ነገር የለም። የቀበሌው አንኳኪ ግን ማዳበሪያ የሚያከፋፍለው፣ የብድርና የእርዳታ ስም ዝርዝር የሚይዘው ሰው ሊሆን ይችላል። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሪፖርት እነዚህ አገልግሎቶች ተቃዋሚን ለመቅጣት እንደዋሉ የገበሬዎችን ቃል ይዞ ከስሷል፤ መንግሥት አስተባብሏል። ከታች የተነሣ ቅስቀሳና ወደ ታች የተዘረጋ መዋቅር ከሩቅ ይመሳሰላሉ። እኔ የምለያቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ የተንኳኳለት ሰው «አልፈልግም» ብሎ በሩን ቢዘጋ ነገ ምን ይጎድልበታል?

## 61 ሚሊዮን ስክሪን

የእጅ ስልክ ሁለቱን ሥራ፣ የጥሩምባውንና የጎረቤቷን፣ ቀላቅሏል። ማስታወቂያው ከኩባንያ ይመጣል፣ ፊቱ ግን የወዳጅ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 2010 በአሜሪካ የምክር ቤት ምርጫ ፌስቡክ በ61 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ላይ ሙከራ አደረገ፤ ውጤቱ በ2012 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ታተመ። ለአብዛኞቹ «ዛሬ ምርጫ ነው» የሚል መልእክት፣ «መርጫለሁ» የሚል ቁልፍና ቁልፉን የተጫኑ እስከ ስድስት የሚደርሱ ጓደኞቻቸው ፎቶ ታያቸው። ለጥቂቶቹ ያው መልእክት ያለ ፎቶ ታያቸው። ፎቶ ያላዩት ምንም መልእክት ካላዩት የተለየ አልመረጡም። ፎቶ ካዩት ግን በቀጥታ 60,000 ያህል ተጨማሪ ድምፅ ተገኘ፤ በእነሱ በኩል አልፎ ደግሞ 280,000 ያህል። ይህ ሁለተኛው የተላለፈው በአካልም ሳይተዋወቁ አይቀሩም በሚባሉ የቅርብ ወዳጆች መካከል ነው፤ በስም ብቻ ጓደኛ የሆኑት ከቁጥር አልገቡም። ላዛርስፌልድ ቢያየው አይገርመውም ነበር።

ከ61 ሚሊዮኑ መካከል ከመቶ አንድ፣ ማለትም ከ600,000 በላይ ሰው፣ ለማነጻጸሪያ ሲባል መልእክቱ ጭራሽ እንዳይታየው ተደርጓል። ምርጫው በእጣ ስለነበር ለማንም አላደላም። በእጣ ፋንታ በሰፈር፣ በዕድሜ ወይም በፓርቲ ተመርጠው ቢሆኑ ግን ከውጭ ሆኖ የሚያውቅ አይኖርም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች ዛሬ ማኅበራዊ ሚዲያን የሚከታተል ባለሙያ ይጨምራሉ። እሱም የፓርቲ ገጾችን፣ ለሁሉም ክፍት የሆኑ ጽሑፎችንና የተከፈለባቸውን ማስታወቂያዎች ያያል። የምሽቱን ዜና መቅዳት ይቻላል፤ ዜናው ለሁሉም አንድ ነውና። የ61 ሚሊዮን ሰው ስክሪን ግን 61 ሚሊዮን ዓይነት ነው፤ ለየትኛው ሰው ምን እንዳልታየ የሚሞላበት ዓምድ በሰንጠረዡ ላይ የለም።